የሕዋ ምርምር ገንዘብ የጎንደር–ደባርቅን መንገድ ለምን ይስታል?

ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ የሕዋ ኤጀንሲ ካይሮ ላይ በይፋ ተመረቀ። ዕለቱ ፋሲካ ስለነበር ዜናውን አብዛኞቻችን ያየነው ከዶሮ ወጡ በኋላ ነው፤ ያላየንም አንጠፋም። በዚያው ሰሞን የአውሮፓ ኅብረት ከአፍሪካ ጋር ለሚሠራው የሕዋ ፕሮግራም 100 ሚሊዮን ዩሮ መመደቡ ተነገረ። ሁለት ወር ቆይቶ ደግሞ፣ ሰኔ 24፣ ዩኤስኤአይዲ ራሱን ችሎ መሥራቱን አቆመ። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ተዘጋ ማለት ነው።

ይሄ ከኮሶዬ ጋር ምን አገናኘው የሚል ተከታታያችን አይጠፋም። ያገናኘዋል። ኮሶዬ ከጎንደር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ከመንገዱ በአንዱ ጫፍ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላው ጫፍ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመጀመሪያው በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረና ዛሬ በመንግሥት ምደባ "የምርምር ዩኒቨርሲቲ" የተባለ ነው። ሁለተኛው ገና ወጣት ነው፣ ማስተማር የጀመረው በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ደጋ፣ ገደል፣ ገብስ፣ ጭላዳና ጅባራ አለ። ሌሊት ከተማ የማያደበዝዘው ሰማይም አለ። ይሄ ሁሉ እያለ "የሕዋ ምርምር ግራንት" ሲባል ከዚህ መንገድ የሚነሳ ስም የማንሰማው ለምንድነው? ዛሬ የምናየው ይሄንን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሕዋ ሲባል ብዙ ሰው ሮኬት ይታየዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትመጥቅ እንጦጦ ላይ ሌሊቱን ተሰብስቦ ያየ ሰው ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን ነበር። ሳተላይቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ስትሆን፣ ከላይ ሆና መሬትን እንድታነሳ የተሠራች ናት። ወጪዋ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና መሆኗ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ግን ይሄ ገንዘብ በውድድር የተገኘ አልነበረም፤ መንግሥት ከመንግሥት ጋር የተዋዋለው ነው። አንድ የጎንደር ወይም የባሕር ዳር መምህር ማመልከቻ ጽፎ የሚያገኘው ገንዘብ መንገዱም ሕጉም መጠኑም ሌላ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው "አገሪቱ ሳተላይት አላት፣ ለእናንተ ገንዘብ እንዴት ጠፋ?" ይላል። ጥያቄው ቦታውን ስቷል።

ታዲያ ማነው የሚከፍለው? ዓለም ላይ በሕዋ ስም የሚታወቁትን ትልልቆቹን እንያቸው።

ናሳ በየዓመቱ ሮዝስ የሚባል ትልቅ የምርምር ጥሪ ያወጣል። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ተቋም መሳተፍ ይችላል። ነገር ግን መመሪያው ቁርጥ ያለ ነው፤ ትብብሩ "ገንዘብ ሳይለዋወጡ" ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ከናሳ ይከፈለዋል፣ የኛው ደግሞ ወጪውን ከራሱ አገር ፈልጎ ያመጣል። ብዙ ወጣት መምህራን ይሄን የሚያውቁት ወር ሙሉ ፕሮፖዛል ከጻፉ በኋላ ነው። የአውሮፓው የሕዋ ድርጅት ኢሳ ደግሞ አባል አገር ያዋጣችው ገንዘብ በሥራ መልክ ተመልሶ ወደዚያችው አገር እንዲሄድ የሚያደርግ ሥርዓት አለው። እኛ አባል ስላልሆንን ዋናው በር የኛ አይደለም። ሆኖም ጎን በር አለ፤ ኢኦ አፍሪካ የሚባለው ፕሮግራም አንድ አፍሪካዊና አንድ አውሮፓዊ ተመራማሪ ተጣምረው የሳተላይት መረጃ ላይ እንዲሠሩ ጥሪ ሲያወጣ ቆይቷል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግን ለጀማሪ የሚመጥን ነው።

በሬዲዮ ቴሌስኮፕ በኩልም ዕጣችን አልደረሰንም። ደቡብ አፍሪካ ላይ ለሚሠራው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አጋር የሆኑት ስምንት የአፍሪካ አገሮች ቦትስዋና፣ ጋና፣ ኬንያ፣ ማዳጋስካር፣ ሞሪሸስ፣ ሞዛምቢክ፣ ናሚቢያና ዛምቢያ ናቸው። ኢትዮጵያ የለችበትም። በዚያ ስም የብሪታንያ ገንዘብ ለሥልጠና ሲመጣም የሄደው ወደነዚሁ አገሮች ነው።

ኬንያን ካነሳን አይቀር፣ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲን ነገር እንይ። የተባበሩት መንግሥታት የሕዋ ጉዳዮች ቢሮና የጃፓኑ ጃክሳ ኪቦኪዩብ የሚባል ዕድል አላቸው። የታዳጊ አገር ዩኒቨርሲቲ በሁሉም ጎኗ 10 ሴንቲ ሜትር የምታህል ሳተላይት ከሠራ ከዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ በነፃ ይለቁለታል። ናይሮቢ የመጀመሪያው ተመራጭ ሆነ፣ ግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ሳተላይቷ ተለቀቀች። የኬንያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነበረች ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ኪቦኪዩብ ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። የሚሰጠው የማስወንጨፊያውን ቦታ ነው፤ መሥሪያውን አመልካቹ ይፈልጋል። ናይሮቢ ለዚህ የጣሊያን አጋር ነበራት። አጋርነቱ የመጣው ከጥሪው በፊት በነበረ የረጅም ጊዜ ግንኙነት ነው እንጂ ጥሪው ሲወጣ በኢሜይል የተፈለገ አይደለም።

ለኛ ዛሬ ሰፊው በር የአውሮፓ ኅብረቱ ሆራይዘን ዩሮፕ ነው። ከ2021 እስከ 2027 እ.ኤ.አ. 95 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የተያዘለት ነው። ኢትዮጵያ በቀጥታ ገንዘብ ማግኘት ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች፣ ይሄን የማያውቅ ዩኒቨርሲቲ ካለ ያሳዝናል። ግን ብቻህን አትገባም። ቢያንስ ሦስት ተቋማት ከሦስት የተለያዩ የኅብረቱ አባል ወይም ተባባሪ አገሮች መሰባሰብ አለባቸው፣ ከነሱም አንዱ የግድ ከአባል አገር ነው። የኛ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በነሱ ላይ ተጨምሮ ነው። ስለዚህ ጨዋታው የሚጀምረው ፕሮፖዛል በመጻፍ ሳይሆን አንድ የጀርመን ወይም የኔዘርላንድስ ፕሮፌሰር ስምህን አስቀድሞ እንዲያውቅ በማድረግ ነው። በተለይ ኔዘርላንድስ የትዌንቴው አይቲሲ በሳተላይት መረጃ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያስተማረ ተቋም ነው። የተማሩት ሰዎች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፤ አብረዋቸው የተማሩት ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ቡድን ይመራሉ። ይሄ ትስስር ከማንኛውም የፕሮፖዛል አጻጻፍ ሥልጠና ይበልጣል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በአማራ ክልል የሳተላይት መረጃ ላይ የተሠራ ትልቅ የግራንት ሥራ አለ ወይ? አለ። ኤፒዴሚያ ይባላል። ከሳተላይት የሚገኘውን የዝናብ፣ የሙቀትና የእፅዋት ልምላሜ መረጃ ከየወረዳው በየሳምንቱ ከሚመጣው የወባ ሪፖርት ጋር አገናኝቶ ወባ የት ሊነሳ እንደሚችል አስቀድሞ የሚተነብይ ሥርዓት ነው። የክልሉ ጤና ቢሮና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነበሩበት። ከኮሶዬ ገደል ጫፍ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ያየ ሰው ይሄ ምርምር ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያሻውም፤ ላይ ብርድ ነው፣ ታች ወባ ነው።

ግን ገንዘቡ ከየት መጣ? ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤች። መሪው ማን ነበር? መጀመሪያ ላይ የሳውዝ ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ። ይሄን የምንለው ለመውቀስ አይደለም፣ ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። የምንለው፣ ወባው የኛ፣ ሪፖርቱ የኛ፣ የጤና ባለሙያው የኛ ሆኖ ሳለ ማመልከቻው ላይ የመጀመሪያው ስም ከዳኮታ የመጣው በምክንያት ነው። ምክንያቱም ዕውቀት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለፌዴራል ገንዘብ ለማመልከት ተቋሙ ራሱ በመንግሥቱ የምዝገባ ሥርዓት ውስጥ መኖር፣ መለያ ቁጥር ማውጣት፣ ምዝገባውን በየዓመቱ ማደስ አለበት። የአውሮፓውም ዘጠኝ አሃዝ ያለው የተቋም መለያ ቁጥር ይጠይቃል። ይሄ የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል፣ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ስም በአንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በሌላው በሌላ ተጽፎ ሲገኝ ብቻ ሳምንታት ይበላል።

ይሄው መንገድም አሁን ጠቧል። ኤንአይኤች በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ለውጭ ተቋማት በንዑስ ድጋፍ መልክ የሚተላለፍ ገንዘብ ያለባቸውን አዳዲስ ግራንቶች፣ ሌላ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ፣ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ገንዘብ የሚደርሳቸው ባብዛኛው በዚህ "ንዑስ" በኩል ስለነበር፣ ዋሽንግተን ውስጥ የተጻፈች አንዲት ማስታወቂያ የዚህን አገር ቢሮ ታንኳኳለች። ዩኤስኤአይዲ ይደጉመው የነበረው፣ የታዳጊ አገር ተመራማሪን ከአሜሪካዊ ጋር የሚያጣምረው ፒር የተባለው ፕሮግራምም ከድርጅቱ ጋር ሄዷል። ፒር ከሌሎቹ የሚለየው ገንዘቡ በቀጥታ ለታዳጊ አገሩ ተመራማሪ መሰጠቱ ነበር። እኛን ከሁሉም የሚቆጨን እሱ ነው።

ሌላው፣ ብዙ የማይወራበት፣ የብር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በብር የጸደቀ የዩኒቨርሲቲ የውስጥ ግራንት የያዘ ሰው በዚያ ገንዘብ ሊገዛ ያሰበው የጂፒኤስ መቀበያ ወይም ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነበት። በዩሮ ወይም በዶላር ግራንት የያዘው ደግሞ በተቃራኒው ለመስክ አበል፣ ለመኪና ኪራይ፣ ለመረጃ ሰብሳቢ የሚሆነው ብር በዛለት። ስለዚህ የውጭ ግራንት ማመልከት የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዕቃ ከውጭ በሚገዛ የምርምር ዘርፍ የመኖር ያለመኖር ጉዳይ ሆኗል።

ከዚያ ደግሞ ኦቨርሄድ አለ። ሆራይዘን ዩሮፕ ለቀጥታ ወጪ 100 ሺህ ዩሮ ከሰጠ ለተቋሙ የማስተዳደሪያ 25 ሺህ ይጨምራል። ይሄ 25 ከመቶ ለዩኒቨርሲቲ የሚገባ ነው። በዚህ ገንዘብ የግራንት ማመልከቻ የሚያውቁ ሁለት ሠራተኞችና አንድ በምሽት የማይቋረጥ ኢንተርኔት ቢቀጠርበት የሚቀጥለው ግራንት ይመጣል። የጋራ ቋት ውስጥ ገብቶ ከቀረ ግን ተመራማሪው "ላመጣሁት ገንዘብ ደረሰኝ ለማወራረድ ስድስት ወር ተመላለስኩ" ብሎ ሁለተኛ አይሞክርም። ይህን ምሬት በየግቢው ያልሰማ የለም፣ የየትኛው ግቢ ነው ብለን አንለይም።

ኢንተርኔት ካልን አይቀር፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። የአውሮፓ ጥሪ የሚዘጋው በብራስልስ ሰዓት አሥራ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ በኛ አቆጣጠር በበጋቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በክረምታቸው 1 ሰዓት መሆኑ ነው። አንዲት ደቂቃ ካለፈች ሲስተሙ ይዘጋል፤ "ኔትወርክ የለም፣ መንገድ ተዘግቷል" የሚል ደብዳቤ የሚቀበል የለም። የጸጥታው ሁኔታ የሚጎዳው ማመልከቻውን ብቻ አይደለም። ገምጋሚዎች "የመስክ ሥራው ሊሳካ ይችላል ወይ?" የሚል መመዘኛ አላቸው። ወገራና ዳባት ላይ ልሠራ ነው ያለ ሰው ስለ ስጋቱ በግልጽ መጻፍና ምን አማራጭ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። ዝም ብሎ ያለፈው ይወድቃል። በኛ አስተያየት ችግሩን ደብቆ ከመጻፍ፣ ለምሳሌ "መንገድ ከተዘጋ የየቀበሌው የግብርና ባለሙያ በስልክ እየተመራ መረጃውን ይሰበስባል" ብሎ መጻፉ ያዋጣል።

እንግዲህ ከኮሶዬ አካባቢ ምን ዓይነት ፕሮፖዛል ሊወጣ ይችላል? እኛ አንድ እናምጣ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የደረሰውን ማንም አይረሳውም። መሬት ተንሸራቶ ሰው ሲቀበር ሊያወጡ የመጡትን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ወር ገደማ ቆይቶ፣ ነሐሴ ላይ፣ እዚሁ ሰሜን ጎንደር ጠለምት ውስጥ ናዳ ሰው ገደለ፣ ብዙ ቤተሰብም አፈናቀለ። የኛ ደጋ እንዲህ ነው። ክረምት ሲጠግብ ቁልቁለቱ ይከዳል። ከደባርቅ በታች ሊማሊሞን የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፣ ከኮሶዬ ጫፍ በታች ያሉ መንደሮችም ያውቁታል።

ናዳ የሚመጣው ደመና በሚከብድበት ክረምት ነው። እንደ ኢቲአርኤስኤስ-1 ወይም እንደ አውሮፓዊቷ ሴንቲነል-2 ያሉት ፎቶ የሚያነሱ ሳተላይቶች ደግሞ ደመና ካለ ከሥር ያለውን አያዩም። በጣም በምትፈልጋቸው ሰዓት ዓይናቸው ይጋረዳል። ሴንቲነል-1 ግን የራዳር ሳተላይት ናት። የራሷን ጨረር ልካ መልሳ ስለምትቀበል ደመናም ጨለማም አያግዳትም። በ12 ቀን ልዩነት አንድን ቦታ ደግማ ስታይ ሁለቱን ምልክቶች አነጻጽሮ መሬቱ በሴንቲ ሜትር ደረጃ መንቀሳቀሱን ማወቅ ይቻላል። ይሄ መረጃ በነፃ ነው። ማንም ሰው፣ ከጎንደርም ከደባርቅም፣ አውርዶ ሊጠቀምበት ይችላል።

"ነፃ ከሆነ አውሮፓውያኑ ራሳቸው ለምን አይሠሩትም?" ካላችሁ፣ ይሠራሉ። ግን ራዳሩ በጣም ቀጥ ባለ ገደል ላይ ጥላ ይፈጠርበታል፣ በተለማ እርሻ ላይም ይሳሳታል፤ ገብስ ሲበቅልና ሲታጨድ ምልክቱ ይቀየራል። መሬቱ ነው የተንቀሳቀሰው ወይስ ገበሬው ነው ያረሰው? ይሄን ከብራስልስ ሆኖ የሚለይ የለም። የትኛው ማሳ ላይ ባለፈው ክረምት ስንጥቅ እንደታየ፣ የትኛው ምንጭ ድንገት ቦታ እንደቀየረ፣ የትኛው ቤት ግድግዳው እንደተሰነጠቀ የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። ያንን በሥርዓት መዝግቦ፣ ጥቂት የዝናብ መለኪያና የጂፒኤስ ምልክት ተክሎ ለሦስት ክረምት የተከታተለ ቡድን፣ አውሮፓዊው የሚፈልገው አጋር ነው። ያኔ "ንዑስ" ሆነህ አትለመንም፤ ያላንተ ሥራው አይሆንም።

መረጃን ለዓመታት በትዕግሥት መሰብሰብ ለጎንደር አዲስ አይደለም። እዚሁ መንገድ ላይ ዳባት ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት እየመዘገበ ይከታተላል። የጤና ጥናቶች የተሠሩት፣ የውጭ አጋሮችም የመጡት ያ መዝገብ ስላለ ነው። የጤናው ሰው ያደረገውን የፊዚክሱና የጂኦሎጂው ሰው በተራራው ላይ ቢደግመው የሚከለክለው የለም።

ባሕር ዳርም የሄደበት መንገድ ከዚህ አይርቅም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ዋሸራ በሚል ስም የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው (ስሙን ከጎጃሙ ቅኔ ቤት መውሰዱ ደስ ይለናል)። የሚያጠኑት ከምድር በላይ ያለውን፣ በኤሌክትሪክ የተሞላውን የአየር ንብርብር ነው። የመግነጢስ ምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ይሄ ጥናት ለዓለምም ያስፈልጋል፤ የጂፒኤስ ምልክት የሚረበሸው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ላይ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ የተተከለው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚሁ ምክንያት ነበር። ኋላም አምበር የሚባለው የመለኪያ መረብ አዲግራት ላይ አንድ ጣቢያ ነበረው፤ መረቡን የመራው አሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት እንዳወቀ ይዘንጋው ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የዘርፉ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲካሄድ እንግዶቹ የመጡት ለሰማዩ ቦታ ብለው ነው። መለኪያዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሮኬት አይጠይቁም። ጠባቂ፣ መብራትና በየወሩ መረጃውን የሚልክ ሰው ግን ይፈልጋሉ።

ስለ ቴሌስኮፕም እንጠየቃለን። "ኮሶዬ ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ ለምን ቴሌስኮፕ አይተከልም?" የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይደርሰናል። እንጦጦ ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ከሥራቸው ያለው የከተማ መብራት ግን በየዓመቱ እየጨመረ ነው። ለትልቁ ሲታሰብ የቆየው ቦታ ላሊበላ አጠገብ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ነው። ኮሶዬ ከዚያ በሺህ ሜትር ያንሳል፣ ክረምቱም ወራት ሙሉ ደመና ነው። እዚያ ላይ ገንዘብ መጠየቅ ተስፋ ያለው አይመስለንም። ለትምህርት የሚሆን ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ ከተማሪዎችና ከቱሪስት ጋር የተያያዘ፣ እሱ ሌላ ነው። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለልማት የሚውል የሥነ ፈለክ ሥራ በየዓመቱ ጥሪ ያወጣል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮውም እንጦጦ ነው ያለው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው ጨለማ በግብፅና በሱዳን በኩል ያልፋል፣ ለኛ ከፊሉ ይደርሰናል። ደመና ከፈቀደ ማለት ነው፤ ሐምሌ ነውና።

ሆራይዘን ዩሮፕ በ2027 እ.ኤ.አ. ያበቃል። ለቀጣዩ ፕሮግራም የአውሮፓ ኮሚሽን 175 ቢሊዮን ዩሮ እንዲያዝ ሐሳብ አቅርቧል፣ ድርድሩ ገና ነው። በቀሩት ጥሪዎች ለመግባት የሚያስብ ቡድን አጋሩን መፈለግ ያለበት አሁን ነው፤ የተቋሙ መለያ ቁጥር በትክክለኛው ስም መኖሩንና በማን እጅ እንዳለ ማጣራቱ ደግሞ የነገ ጠዋት ሥራ ነው። ጎንደር ወይም ደባርቅ ሆናችሁ በዚህ ዘርፍ አመልክታችሁ የተሳካላችሁም ያልተሳካላችሁም ካላችሁ፣ ገምጋሚዎቹ ምን ብለው እንደመለሱላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስማችሁን ሳንጠቅስ በሚቀጥለው ክፍል እናቀርበዋለን።